የጆንያ ክር የቀረበት ገጽ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋርሳዬ ለሩፈይዳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ አንቺንም ልጅሽን ኢርፋንንም በሰው አገር ከክፉ ይጠብቃችሁ፤ የምትረግጡትን መሬት ያለስልስላችሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ክረምቱ ገና አልወጣም። ግቢው ጭቃ ነው፤ ከቤት ብዙም አልወጣም።

«በድምፅ ይላኩልኝ፣ መጻፉ ምን ያደክምዎታል» ብለሽኝ ነበር። ድምፄን ተይው። ስልኩን አፌ ላይ አድርጌ ብቻዬን ማውራት አልችልበትም። እንደለመድኩት በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

የምጽፍልሽ አንድ ነገር ላስፈቅድሽ ነው። ወንድምሽ ቲጃኒ ካለፈ በሚመጣው ኅዳር ሦስት ዓመት ይሞላዋል። ልብሱን ያኔውኑ ሰደቃ ሰጥተነዋል። መጽሐፎቹ ግን መደርደሪያው ላይ እንዳሉ ናቸው። ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም፤ አዲስ አበባ ቡና ጭኖ በሄደ ቁጥር ሁለት ሦስት ገዝቶ ይመጣ ነበር። ሁሉንም በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ይለብጣቸዋል፤ ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። «ቡናው ይለቀምና አነባቸዋለሁ» ይላል። ቡናው ይለቀማል፤ ከዚያ ማድረቁ፣ ከዚያ መፈልፈሉ፣ ከዚያ ጭነቱ። ለንባብ የሚተርፈው ክረምቱ ብቻ ነበር። ያነበበውን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያወጣዋል። ያላነበበው ታች ይቀመጣል። ታችኛው ሁልጊዜ ይበዛ ነበር።

በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሬዲዮ ላይ አንድ ሰው ሲናገር ሰማሁ። «አዲስ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ያልተነበበ ጨርሱ፤ ለዓመቱ ቁጥር ያዙ» ይላል። ለእኔ ያለው መስሎኝ አይደለም። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ተነስቼ ታችኛውን መደርደሪያ ቆጠርኩት። ሃያ አራት ናቸው። በወር ሁለት ማለት ነው። ይቻላል ብዬ አሰብኩ።

ነገር ግን ልጅ ስላልነበረን በውርሱ ውስጥ ያንቺም ድርሻ አለበት። ቤቱን ተነጋግረንበታል፤ መጽሐፎቹን ግን ማንም አላነሳቸውም። ያንቺን ድርሻ ሳላስፈቅድ እንዳላነብ ብዬ ነው። እንቢ ካልሽ ቅር አይለኝም፤ አቧራቸውን እየጠረግሁ አስቀምጣቸዋለሁ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ባህሪያ


በርገን፣ ኖርዌይ
መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴ ባህሪያ፤

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ ጉልበትዎን ያቁምልዎ፣ የቤትዎን በር ለደግ እንግዳ ብቻ ይክፈትልዎ። እኛ ደህና ነን። እዚህም ዝናብ ነው። ጅማን የሚያስንቅ ዝናብ ነው፤ ልዩነቱ የዚህኛው አጥንት ድረስ መግባቱ ነው።

መጽሐፎቹን ያንብቧቸው። ድርሻዬ ሐላል ይሁንልዎ። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አደርጋቸዋለሁ? ቤቴ ውስጥ አማርኛ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። ኢርፋንን ትንሽ እያለ ፊደል ላስተምረው ብዬ ነበር። «እማ፣ እነዚህ ሁሉ ወንበሮች ናቸው» ብሎ ሸሸኝ። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ወንበሮች ናቸው።

ሥራዬ ያው ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ። አለብሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ከምሳ በኋላ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። አነጋገሬ ይሰባበራል፤ ይስቃሉ፤ አነባለሁ።

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንበብዎ ጥሩ ነው። ወንድሜ ቢኖር ደስ ይለው ነበር።

ክሩስ? ወንድሜ የት እንደደረሰ እንዳይጠፋበት የጆንያ መስፊያ ክር ገጹ መሃል ያስገባ ነበር፤ ሲጨርስ አውጥቶ ወደሚቀጥለው መጽሐፍ ያዛውረዋል። የመጨረሻው የትኛው መጽሐፍ ውስጥ እንደቀረ አይተዋል?

እያነበቡ ምን ምን እንደሚሉ ይጻፉልኝ። አምና የላኩልኝ የጌራ ማር ደርሶኛል፤ ለጎረቤት ሰጠሁት። ዘንድሮ ማር አይላኩልኝ።

አላህ ይጠብቅዎ።

ሩፈይዳ


ጅማ
ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሩፈይዳ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አላህ እጅሽን ያበርታው፤ ሽማግሌ የሚያጥብ እጅ ምንዳው ትልቅ ነው። ፈቃድሽ ደረሰኝ፣ ጀዛኪላህ። እርስዎ ማለት የጀመርሽኝ ከቀብሩ ወዲህ ነው። ይሁን፣ ትልቅ ነኝ።

ሦስት ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ስለ ንብ እርባታ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችበት ቀፎ ሥራ አያቆምም ይላል፤ ለጥቂት ቀን ምንም እንዳልሆነ ማር ይሰበስባል። ሁለተኛው የሬዲዮ ጥገና ነው። ምኑም አልገባኝም፤ ግን ቁጥር ይዣለሁና እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሬዲዮናችን አሁንም ካልመቱት አይናገርም። ሦስተኛው አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ትዝታውን የጻፈበት ነው። በብዙ ሰው ላይ ፈርዷል። በመጨረሻው ገጽ የአትክልት ቦታውን ያጠጣል።

ጨርሼ ስከድናቸው ምንም አልተሰማኝም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣኋቸው። ሰው ሲያነብ የሚሰማው ነገር ይኖራል ብዬ ነበር። ለእኔ ጊዜው አለፈ፣ ያ ብቻ ነው። ጊዜው ማለፉም አልከፋኝም።

አሁን ቡናው ደርሷል። ሰው ሁሉ ለለቀማ አጋሮና ጎማ ሄዷል፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል። የቀረነው እኔና ሳቢሃ ነን። ሳቢሃን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ጎረቤቴ ናት፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጫት ትሸጣለች። መስኮቱ ስር ተቀምጬ ሳነብ አገኘችኝና፣

«ማሎ ባህሪያ! ማትሪክ ልትፈተኚ ነው?» አለችኝ።

«ዝም ብዬ ነው» አልኳት።

«ዝም ብሎማ ሰው ይተኛል እንጂ ስለ ንብ አያነብም። በይ እስቲ ጮክ በይ፣ እኔም ልስማ። ጫቴን እያሰርኩ እሰማሻለሁ።»

«ለራሴ ነው የማነበው።»

«ስስታም! ንቡም የሚናደፈው አንቺን ብቻ ነው?»

ሳቅኩ። አላነበብኩላትም። ትንሽ ተቀምጣ ሄደች።

ክሩን ጠይቀሽኛል። አግኝቼዋለሁ። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ውስጥ ነው፣ ከመሃሉ ትንሽ አለፍ ብሎ። እሱን የመጨረሻ አደርገዋለሁ።

ማር አልልክም።

ባህሪያ


በርገን
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴ ባህሪያ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ አላህ ቤትዎን ከብርድም ከብቸኝነትም ይጋርድልዎ። መልሴ ዘግይቷል፣ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶ ነበር። እዚህ አሁን ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ረፋድ ላይ ይነጋል፣ ከሰዓት ይመሻል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ፊደሉን ትልቅ ትልቅ አድርገው ይጻፉልኝ። ስልኩ ላይ አስፍቼ ሳየው ቃሉ ሳልጨርሰው ከመስኮቱ ይወጣል፤ መልሼ ስጎትተው መስመሩ ይጠፋብኛል። መነጽሬ አርጅቷል መሰለኝ።

ክሩ ያለበትን መጽሐፍ አውቀዋለሁ። አላነበብኩትም፤ ወንድሜ በስልክ ነግሮኝ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ይደውልልኝ የለ? ማንበብ በቻለበት የመጨረሻ ክረምት የሚያነበውን ይተርክልኝ ነበር። ሁለት ወንድማማች የቅል ነጋዴዎች ናቸው፣ በቅሎ ጭነው ከጅማ ወደ ሸዋ የሚወጡ። ጊቤ ሲደርሱ ታናሽየው ታመመ። ታላቅየው መድኃኒት ፍለጋ ብቻውን ተሻገረ። ሲመለስ ወንዙ ሞልቷል። ማዶ ሆኖ የወንድሙን እሳት ያያል። እስከዚያ ነገረኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ቀጥል ስለው፣ «ዐይኔ አላነብ አለኝ፤ ሲሻለኝ» አለ።

ሌሎቹን ጨርሰው እዚያ ሲደርሱ ይንገሩኝ።

ሩፈይዳ


ጅማ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሩፈይዳ፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለኢርፋን። አላህ የዐይንሽን ብርሃን ያቆይልሽ።

ይኸው ትልቅ አድርጌ ጽፌዋለሁ። አንድ ወረቀት የነበረው ሦስት ሆነ፤ ስለዚህ ጥቂት ነው የምጽፈው።

ማር አይላኩልኝ ያልሽውንና መነጽሬ አርጅቷል ያልሽውን ባንድ ላይ አሰብኳቸው። ቲጃኒም መጀመሪያ ያማረረው መነጽሩን ነው። ቀጥሎ አምፖሉን አስቀየረኝ። ቀጥሎ የመጽሐፉን አሳታሚ ሰደበ፣ «ቀለም ቆጥቦ ነው ያተመው» ብሎ። ካልነገርሽኝ አልጠይቅሽም።

ንባቡ እየሄደ ነው። ታችኛው መደርደሪያ አጋማሹ ባዶ ሆኗል። እንጨቱ የመጽሐፉ ክብደት ከተነሳለት ወዲህ ቀና ይላል ብዬ ነበር፣ እንደጎበጠ ቀረ። ሌላ የምነግርሽ የለም። የመቃብሩን አጥር አስጠግኛለሁ።

ባህሪያ


በርገን
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴ ባህሪያ፤

አላህ ይጠብቅዎ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አይቀየሙኝ፤ እያንዳንዱ ፊደል እየከበደኝ ነው። ይህን የምጽፈው በወፍራም እስክሪብቶ ነው፤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

እንደገመቱት ነው። የወንድሜን ዐይን ያጠፋው ስኳር በሽታ እኔንም ይዞኛል። ግራ ዐይኔ አብቅቶለታል። ቀኙን በመርፌ እናቆየዋለን ይላሉ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አይናገሩም።

ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተናገርኩትን አሁን ልናገረው። በኋላ መጻፍ ላልችል እችላለሁ።

ወንድሜ ዐይኑ ከጠፋ በኋላም ዓርብ ዓርብ ይደውል ነበር። «ባህሪያ የት ናት?» እለዋለሁ። «አጠገቤ ናት» ይለኛል። «ምን ትሠራለች?» «ታነባለች።» «ታዲያ ጮክ ብላ አታነብልህም?» አልኩት አንድ ቀን። «የለም፣ ለራሷ ነው። ገጽ ስትገልጥ እሰማታለሁ» አለኝ።

ሳይቆጣ ነው ያለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እኔ እዚህ ስማቸውን እንኳ አስተካክዬ የማልጠራቸው ሰዎች «አንብቢልን» ሲሉኝ አነባለሁ። ወንድሜ አጠገቡ የምታነብ ሚስት እያለችው የገጽ ድምፅ እየሰማ ሞተ። ለምን ብዬ ብጠይቅዎ መልስ የሚኖርዎት አይመስለኝም። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም፤ ብኖርም አልጠይቅዎትም ነበር።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ኢርፋን ወንበሮቹን አያነብም። እዚህ ማንም የለኝም። ያንብቡልኝ። በድምፅዎ አንብበው በስልክ ይላኩልኝ። ከእንግዲህ የምጠይቅዎ ይህንን ብቻ ነው።

ሩፈይዳ


በርገን
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴ፤

ኢድ ሙባረክ፣ ዘግይቶም ቢሆን። በበዓሉ ቀን ስደውል ስልኩን አላነሱም። ታመው እንዳይሆን ሰጋሁ። የአጎቴ ልጅ ሙሀጅር፣ መስጊድ በር ላይ አይቶዎት ደህና ነዎት ብሎኛል።

ደህና ከሆኑ ይሁን።

ሩፈይዳ


ጅማ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሩፈይዳ፤

አላህ ምሕረቱን ያውርድልሽ፤ ለቀኝ ዐይንሽ ሌት ተቀን ዱዓ አደርጋለሁ። ረመዳንም ኢዱም አረፋም አለፉ፤ መልስ አልሰጠሁሽም። ኢድ ላይ ስልኩ ሲጠራ አጠገቡ ነበርኩ። ስምሽ በርቶ እስኪጠፋ አየሁት።

ያልሽው እውነት ነው። የሚጨመርበትም የሚቀነስለትም የለም።

መልስ የለሽም ብለሻል። መልስ አይባልም፣ ግን የሆነውን ልንገርሽ። እኔ ፊደል የለየሁት አጋሮ፣ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ከመፈልፈያው የመጣውን ቡና መሬት ላይ ተቀምጠን የተበላሸውን ስንለይ፣ ጆንያው ላይ በቀለም የታተመውን እየጠየቅሁ አጠናሁ። ወንድምሽ እዚያው ሚዛን ላይ ነበር። ካገባኝ በኋላ መጽሐፎቹን የለበጠበትን ካላንደር አነብ ነበር። መጽሐፉን ለመክፈት እፈራለሁ፣ ሽፋኑን ብቻ አነባለሁ።

አንድ ክረምት እንግዶች ነበሩብን። ቲጃኒ ደስ ብሎት «ባለቤቴ አንባቢ ሆናለች!» ብሎ ጋዜጣ ሰጠኝ። አነበብኩ። ቃሉ ላይ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እጀምራለሁ። እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ እሱ ጋዜጣውን ተቀብሎ እኔን እየመሰለ አነበበላቸው፤ እየቆመ፣ እየተመለሰ፣ ድምፁን አቅጥኖ። ክፉ ሰው እንዳልነበረ አንቺም ታውቂያለሽ። ጨዋታ ነው። በማግሥቱ ረስቶታል።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ አንብቤ አላውቅም። ቁርአን እንኳ በልቤ ነው።

ዐይኑ ሲጠፋ «ባህሪያ፣ ያን መጽሐፍ ከክሩ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አለኝ። ነገ አልኩት። በነጋታው ሲጠይቀኝም ነገ አልኩት። አንድ ቀን መጠየቅ ተወ። ያኔ የተገላገልኩ መሰለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ሌላ መጽሐፍ አነብ ነበር፤ ገጹን ቀስ ብዬ ነበር የምገልጠው። የማይሰማኝ መስሎኝ ነው።

አሁን አንድ ብቻ ቀርቶኛል። እሱ ራሱ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት ሰነበትኩ፤ አልከፈትኩትም።

ለጠየቅሽኝ ነገር ሰው ፈልጌልሻለሁ። ሩት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ቦሳ ኪቶ ተከራይታ የምትኖር። እንደ ሬዲዮ ነው የምታነበው፤ አንድ ቃል አይደናቀፋትም። መጽሐፉን እሰጣታለሁ፣ አንብባ ትልክልሻለች። ደስ እያላት ነው እሺ ያለችኝ። ለጆሮሽም ይሻልሻል።

ባህሪያ


በርገን
ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴ፤

አላህ ይስጥዎ። ደብዳቤዎን በማጉያ መሣሪያ አንብቤ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ከእንግዲህ ይህን ያህል ረጅም አልችልም።

ሩትን አመሰግናለሁ። እንደ ሬዲዮ የሚያነብ አልፈልግም። ስልኬም ያነባል፣ በዚህ አገር ቋንቋ፤ ጥሩ አድርጎ ያነባል።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ሲኒ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

የወንዙን ታሪክ እስከ ክሩ ድረስ ከወንድሜ አፍ ሰምቼዋለሁ። ቀሪውን አላውቅም። እሱም ሳያውቀው ሄደ።

ከመጀመሪያው አይጀምሩልኝ። ከክሩ ይጀምሩ።

ሩፈይዳ


ጅማ
ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሩፈይዳ፤

ሰላሙ ይድረስሽ፤ አላህ ጆሮሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቀው። ከዚህ ወረቀት ጋር የድምፅ መልእክት ልኬልሻለሁ። ወረቀቱን ማንበብ ካቃተሽ ተይው፣ ድምፁ ይበቃል።

ቶሎ ያልላክሁት በዝናቡ ነው። ይህ ሰበብ ይመስልሻል፤ ግማሹ ሰበብ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አይሰማም። ያቁምልኝና አነባለሁ እያልኩ ሐምሌን ጨረስኩ። ያባራል፤ ያኔ ደግሞ ጉሮሮዬን እስክጠርግ፣ ውሃ እስክጠጣ፣ ይመለሳል። ትናንት፣ ነገ ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ራሴን ሰማሁት። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ።

የተቀመጥኩት ድሮ የምቀመጥበት ነው፣ ከሱ ወንበር ጎን። ስልኩን ወንበሩ ላይ አደረግሁት። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ቁልፉን ቶሎ ለቅቄው ነው መሰለኝ፣ ዝናብ ብቻ ነው የቀዳው። አጠፋሁት። ሁለተኛው ያው የላክሁልሽ ነው።

ከክሩ ጀመርኩ። ክሩን አላወጣሁትም፤ ገጹ ላይ መስመር ሠርቷል፣ እንደ ጠባሳ። ቃል ላይ ቆሜያለሁ፣ ብዙ ቦታ። ተመልሻለሁ። ዝናቡን ልበልጥ ብዬ ስጮህ ሳቢሃ ከአጥሩ ማዶ ሰማችኝ።

«ባህሪያ! ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«እያነበብኩ ነው!»

«ለማን?»

«ለሩፈይዳ!»

«በይ ጨምሪ ድምፅሽን፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ግማሹ ነው! ልጁ ተሻገረ አልተሻገረም?»

«ገና ነው!»

«ማሎ፣ ቶሎ አሻግሪው፣ ጫቱ ሊጠወልግብኝ ነው!»

ይህም ገብቶበታል። እሱን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አላወቅሁበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የእኔ ነው፣ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ገጹ አልቆ ነበር። መግለጥ አቃተኝ። የቲጃኒ ወንበር ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እጄ ቀስ ብሎ ሊገልጥ ሞከረ፣ እንደ ለመደው፣ እንዳይሰማ። ቆየሁ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ገለጥኩት።

ምን ተሰማሽ ብትዪኝ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሌላ የማውቀው የለም።

ጮክ ብሎ ማንበብ ቀርፋፋ ነገር ነው። በአንድ ቁጭታ ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ መጽሐፉ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። የያዝኩትን ቁጥር አልሞላሁም። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የአንድ መጽሐፍ ቦታ እንደተያዘ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል።

ከበቃሽ ንገሪኝ፤ ለሩት እሰጣታለሁ። አልቀየምሽም።

ባህሪያ


በርገን
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴ፤

ሰላም ለቤትሽ።

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዝናቡንም፣ ሳቢሃንም። አሁንም ቃል ላይ ትቆሚያለሽ፤ እንደ ያኔው ነሽ። መሃል ላይ ዝም ስትዪ አበቃ ብዬ ስልኩን ላስቀምጥ ነበር።

ከዚያ ገጽ ስትገልጪ ሰማሁ።

ቀጥዪ።

ሩፈይዳ